ፒተር ዳንክወርትስ፦ ፈንጂ አምካኙ የኬሚካል ምህንድስና ፕሮፌሰር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ወደ ንግግሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ሥራ ልጀምርና እኔ ስናገር እሱ በራሱ ይቀጥል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ 20 ሊትር የሚይዝ፣ አፉ ሰፍቶ የተቆረጠ ጀሪካን አለ። ከበላዩ ከተቀመጠው በርሜል በየደቂቃው 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይወርድበታል፤ ከሥሩ በተገጠመለት ቧንቧ ደግሞ በየደቂቃው 1 ሊትር ይወጣል። በመሆኑም በውስጡ ያለው ውሃ አይጨምርም፣ አይቀንስም። አንዲት ተማሪያችን በእንጨት ማማሰያ ሳታቋርጥ ታማስለዋለች። አሁን አንድ ብርጭቆ የቀይ ሥር ጭማቂ በአንድ ጊዜ አፈስስበታለሁ። እንግዲህ ውሃው እንዴት እንደቀላ ሁላችሁም ታያላችሁ። በየ5 ደቂቃው ከቧንቧው አንድ ብርጭቆ እየተቀዳ ጠረጴዛው ላይ በተርታ ይደረደራል። ሰዓቱን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የዛሬው ንግግሬ ስለ ፕሮፌሰር ፒተር ቪክተር ዳንክወርትስ ሕይወትና ሥራ ነው። ኬሚካል ምህንድስና የተማረ ሰው ሁሉ ይህን ስም ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን እንደ ሰው ስም አይደለም። «የዳንክወርትስ የድንበር ሁኔታ» የሚባል ነገር በሪአክተር፣ ማለትም ኬሚካሎች በሚለወጡበት ዕቃ፣ ትምህርት ላይ አለ፤ «የዳንክወርትስ ሞዴል» የሚባልም አለ። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ፣ ከዚያም ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ፣ ስሙን በሰሌዳ ላይ ደጋግሜ ስጽፍ ከበስተኋላው አንድ ሰው፣ አንድ ወጣት፣ አንድ ጦርነት እንዳለ አላሰብኩም ነበር። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። የዛሬውን ንግግር ያሰናዳሁትም ተማሪዎቼ ቀመሩን ከሰውየው ጋር እንዲያውቁት ፈልጌ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እነግራችኋለሁ።

ፒተር ዳንክወርትስ ኦክቶበር 14 ቀን 1916 በደቡብ እንግሊዝ በሃምፕሸር ተወለዱ። የአምስት ልጆች ታላቅ ነበሩ። አባታቸው ቪክተር ዳንክወርትስ በእንግሊዝ ንጉሣዊ ባሕር ኃይል ውስጥ እስከ ምክትል አድሚራልነት የደረሱ መኮንን ሲሆኑ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይ የባሕር ኃይሉ የዕቅድ መምሪያ ኃላፊ ነበሩ። ልጁ ግን የአባቱን መንገድ አልተከተለም። ከዊንቸስተር ኮሌጅ ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቤልዮል ኮሌጅ ገብቶ ኬሚስትሪ አጠና፤ በ1939 በአንደኛ ደረጃ ማዕረግ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ጦርነቱ ፈነዳ፤ አስተዳደጉ ያላስገባውን ልጅ ጦርነቱ ባሕር ኃይል አስገባው። በ1940 በበጎ ፈቃደኞች ተጠባባቂ ጦር ተመዝግቦ፣ ሰብ ሌፍተናንት የሚባለውን ዝቅተኛ የመኮንንነት ማዕረግ አግኝቶ፣ አጭር የፈንጂ ማምከን ሥልጠና ወስዶ በለንደን ወደብ ተመደበ። ዘመኑን ከእኛ ታሪክ ጋር ለማገናኘት ያህል፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእንግሊዟ የባዝ ከተማ የነበራቸውን የስደት ኑሮ አብቅተው በሱዳን በኩል ወደ አገራቸው ለመግባት የተነሡት በዚያው ዓመት በጁን ወር ነበር።

ሴፕቴምበር 7 ቀን 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን መደብደብ ጀመሩ፤ ድብደባው ለ57 ሌሊት ሳያቋርጥ ቀጠለ። በዚያው ወር አጋማሽ ላይ የከተማው ሰው ከዚያ በፊት ያላየው ነገር ከሰማይ ይወርድ ጀመር። በፓራሹት ተንጠልጥሎ፣ እንደሌላው ቦምብ ሳያፏጭ፣ ቀስ ብሎ የሚወርድ ረጅም የብረት ግንድ ነው። ትልቁ ዓይነት ወደ 1000 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 700 ኪሎ ግራም ያህሉ ፈንጂ ነው። ቁመቱ ከ2 ሜትር ተኩል ይበልጣል።

ስለዚህ መሣሪያ አሠራር ጥቂት መናገር አለብኝ፤ ይህን ካላወቅን ወጣቱ ኬሚስት ምን እንዳደረገ አንረዳም። መሣሪያው የተሠራው ለባሕር ነበር። ከአውሮፕላን ሲጣል ፓራሹቱ ፍጥነቱን ይገታለታል፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከሥር ይቀመጣል፤ የውሃው ግፊት ሲጫነው የመግነጢስ መሣሪያው ይነቃና የብረት መርከብ በላዩ ሲያልፍ ይፈነዳል። ውሃ ውስጥ ሳይሆን መሬት ላይ ካረፈ ግን በውስጡ ያለ አንድ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፤ 17 ሴኮንድ ገደማ ሲቆጥርም ይፈነዳል። የባሕሩን መሣሪያ በከተማ ላይ ለመጣል ይህች ሰዓት በቂ ሆነች። እንደ ተራው ቦምብ መሬት ውስጥ ገብቶ ሳይቀበር ከላይ ስለሚፈነዳ፣ የፍንዳታው ንፋስ መንደር ሙሉ ቤት ያፈርስ ነበር።

አንዳንዱ ሳይፈነዳ ይቀራል። ፓራሹቱ በጭስ ማውጫ ወይም በጣሪያ ማገር ተይዞ አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ወይም ሰዓቱ አንድ ጥርሱ ተይዞበት ይቆማል። ሰዓቱ ቆመ ማለት ግን ሞተ ማለት አይደለም። ከ17ቱ ሴኮንድ 3ቱን ቆጥሮ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ 16ቱን ጨርሶ ቆሞም ሊሆን ይችላል። ቀሪው ስንት እንደሆነ ከውጭ አይታይም። የመኪና ንዝረት፣ የአንድ ሰው እርምጃ፣ የመፍቻ ንክኪ እንደገና ሊያስነሣው ይችላል። በመግነጢስ የሚነቃ መሣሪያ ስለሆነም መፍቻው ከናስ ወይም መግነጢስ ከማይስበው ሌላ ብረት መሠራት ነበረበት። አምካኙ ተንበርክኮ የፊውዙን፣ ማለትም የማፈንጃውን፣ ቀለበት ቀስ ብሎ ይፈታል፤ ጆሮውን ግን ከብረቱ አያርቅም። የሰዓት ድምፅ ከሰማ ሁሉን ትቶ መሮጥ ነው፤ የሚሮጥበት ጊዜ ቢበዛ 17 ሴኮንድ ነው፤ ቢያንስ ምንም።

መሣሪያው የባሕር ስለነበረ ኃላፊነቱ የባሕር ኃይል ሆነ። ዕውቀቱም ያለው እዚያ ነበር። ከአንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 1939፣ ጆን ኡቭሪ የሚባሉ የባሕር ኃይል መኮንን ሹበሪነስ በተባለ የባሕር ዳርቻ ጭቃ ላይ ባዕዱን የመግነጢስ ፈንጂ በእጃቸው ፈትተው ምሥጢሩን አውጥተውት ነበር። ይሁን እንጂ ዕውቀት ያለው ሁሉ አልተረፈም። ሴፕቴምበር 21 ቀን 1940 ሌፍተናንት ኮማንደር ሪቻርድ ራያን እና የበታች ሹም ሬጂናልድ ኤሊንግወርዝ፣ ሁለቱም ልምድ ያላቸው አምካኞች፣ ዳገናም በተባለ ቦታ ከመጋዘን ጣሪያ በፓራሹት የተንጠለጠለ ፈንጂ ሲያመክኑ ፈንድቶባቸው አብረው ሞቱ።

ዳንክወርትስ በዚያ ወቅት ባሕር ኃይል ከገቡ 6 ሳምንት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። 48 ሰዓት ያህል እረፍት የሚባል ሳያውቁ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄዱ 16 ፈንጂዎችን አመከኑ። ቁጥሩን ስናነብ ቶሎ እናልፈዋለን። እስቲ አንድ ጊዜ ቆመን እናስበው፤ 16 ጊዜ ሰው የሸሸው ጎዳና ውስጥ ብቻን መግባት ነው፤ 16 ጊዜ መንበርከክ ነው፤ 16 ጊዜ አንድን ቀለበት በእጅ መፍታት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ እጅ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። በአሥራ ስድስተኛው ላይ የነበረው ድካም በመጀመሪያው ላይ ከነበረው ፍርሃት የሚያንስ አደጋ አይመስለኝም።

በዚያው ወር፣ ሴፕቴምበር 24፣ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ የጆርጅ መስቀል የሚባለውን ኒሻን መሠረቱ። ኒሻኑ ጠላት ፊት ለፊት በሌለበት ቦታ ለሚፈጸም ታላቅ ጀግንነት የሚሰጥ ከፍተኛው ሽልማት ነው። ዲሴምበር 20 ቀን 1940 ዳንክወርትስ ከመጀመሪያዎቹ ተሸላሚዎች አንዱ መሆናቸው ታወጀ። ዕድሜያቸው 24 ዓመት ነበር። በ1943 በሲሲሊ ወረራ ጊዜ ፈንጂ በተቀበረበት ቦታ ቆሰሉ፤ ካገገሙ በኋላ የጦርነቱን ቀሪ ጊዜ ለንደን በሚገኘው የጥምር ዘመቻ ጠቅላይ መምሪያ ውስጥ አሳለፉ።

ስለ ዳንክወርትስ የሚተረክ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ወይም ከዚህ በኋላ ያለው በሁለት መስመር ይታለፋል። በእኔ እምነት ይህ ለእሳቸው ፍርድ አይሆንም። ኒሻኑ ሥራቸውን ሸፍኖታል። ሰው ሊማርበት የሚገባው የዳንክወርትስ ድፍረት፣ ከጦርነቱ በኋላ በወረቀትና በእርሳስ የተሠራው ጭምር ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ኬሚስቱ ሙያቸውን መለወጥ ፈለጉ። በእንግሊዝ አገር ኬሚካል ምህንድስና ገና በእግሩ ያልቆመ ሙያ ነበር፤ በአሜሪካ ግን ማሳቹሴትስ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ ከ1916 ጀምሮ ተማሪዎቹን ፋብሪካ ውስጥ እየላከ በሥራ ላይ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነበረው። ዳንክወርትስ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተው ከ1946 እስከ 1948 እዚያ ተማሩ። ሲመለሱ፣ በ1948፣ በፕሮፌሰር ቴረንስ ፎክስ መሪነት ገና በመቋቋም ላይ ወደ ነበረው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኬሚካል ምህንድስና ክፍል ገቡ። ቀጥሎ በነበሩት 5 ዓመታት ውስጥ ያሳተሟቸው ጽሑፎች ጥቂት ናቸው፤ አጫጭርም ናቸው። ዛሬ ስማቸውን በየሰሌዳው የሚያስጽፉት እነዚያ ናቸው።

የመጀመሪያው በ1951 የወጣው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ጋዝ ወደ ፈሳሽ ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው? ለምሳሌ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ውሃ ሲሟሟ ምን ይፈጠራል? በዚያ ዘመን መሐንዲሱ ሁሉ የሚያምነው ከ1923 ጀምሮ የነበረውን የቀጭን ሽፋን ሐሳብ ነበር። በዚህ ሐሳብ መሠረት በፈሳሹ ገጽ ላይ የማይንቀሳቀስ ቀጭን ሽፋን አለ፤ ጋዙ ይህን ሽፋን ሰርጎ ካለፈ በኋላ ከሚናወጠው ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላል። ለስሌት ምቹ ነው፤ ፋብሪካም ተሠርቶበታል። ዳንክወርትስ ግን የሚናወጥን ፈሳሽ ገጽ ያየ ሰው እንዲህ ያለ የቆመ ሽፋን ያገኛል ወይ ብለው ጠየቁ።

ቤታችሁ ሽሮ ሲንተከተክ ልብ ብላችሁ እዩ። ከሥር የመጣው ይወጣል፤ ለአፍታ ከላይ ሆኖ አየር ያገኛል፤ ወዲያው ሌላው ይውጠውና ተመልሶ ይሰምጣል። ከላይ የሚታየው ሽሮ ሁልጊዜ አንድ ሽሮ አይደለም። ዳንክወርትስ የፈሳሽን ገጽ እንዲህ አሰቡት። እያንዳንዷ ቁራሽ ወደ ገጹ ትወጣለች፤ እዚያ በምትቆይበት ጊዜ ጋዝ ትጠጣለች፤ ከዚያም በአዲስ ቁራሽ ትተካለች። አንዳንዷ ብዙ ትቆያለች፤ አንዳንዷ ትንሽ። ከእሳቸው በፊት፣ በ1935፣ ሂግቢ የተባለ ተመራማሪ እያንዳንዷ ቁራሽ ገጹ ላይ እኩል ጊዜ ትቆያለች ብሎ ነበር። ዳንክወርትስ ግን እኩል የሚያደርጋት ምን ነገር አለ አሉ። አሮጌዋም አዲሷም የመተካት ዕድላቸው አንድ ነው ብለው ተነሡና የዕድሜያቸውን ሥርጭት በአንዲት አጭር ቀመር ጻፉት። ከዚህ የወጣው ውጤት ከቀጭኑ ሽፋን ሐሳብ ጋር ይጣላል። ሽፋኑ ትክክል ከሆነ የጋዙ አገባብ ፍጥነት ከጋዙ የመስረግ አቅም ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ የዳንክወርትስ ሐሳብ ትክክል ከሆነ ግን የሚያድገው ከዚያው አቅም ስኩዌር ሩት ጋር ነው። በቤተ ሙከራ የተለካው ከሁለተኛው ጋር ይቀራረባል።

ሁለተኛው ጽሑፍ በ1953 «ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው ሲሆን፣ ርዕሱ በተከታታይ ፍሰት ውስጥ ስላለ የቆይታ ጊዜ ሥርጭት ይናገራል። 13 ገጽ ነው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው ጀሪካን የዚያ ጽሑፍ ልጅ ነው።

ጥያቄውን በጀሪካኑ እንየው። 20 ሊትር ይዟል፤ በደቂቃ 1 ሊትር ያልፍበታል። አንድ የውሃ ጠብታ ውስጡ ስንት ጊዜ ትቆያለች ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ 20ን ለ1 አካፍዬ 20 ደቂቃ ብዬ እመልሳለሁ። መልሱ ልክ ነው፤ በአማካይ 20 ደቂቃ ነው። ለረጅም ጊዜ ፋብሪካ የሚነድፍ ሰው በዚህ አማካይ ይሠራ ነበር። ዳንክወርትስ አማካዩን ተቀብለው፣ ግን እያንዳንዷ ጠብታ 20 ደቂቃ ትቆያለች ወይ ብለው ጠየቁ። አትቆይም። በደንብ በሚማሰል ዕቃ ውስጥ ከገባው ቀለም 22 ከመቶው በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ውስጥ ወጥቶ ይሄዳል። 20ኛው ደቂቃ ሲሞላ 63 ከመቶው ሄዷል። ማለትም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከአማካዩ በፊት ይወጣል፤ ጥቂቱ ደግሞ ከአማካዩ እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ጊዜ ይቆያል። ከቀጭንና ረጅም ቱቦ የሚወጣ ውሃ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ሁሉም በሰልፍ ይሄዳል፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። እውነተኛው የፋብሪካ ዕቃ ብዙውን ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። በአንዱ ጥግ ውሃ ተኝቶ ይቀራል፤ በሌላው በኩል ደግሞ አቋራጭ አግኝቶ ሳይነካ ያልፋል።

ታዲያ የብረት ዕቃ ተዘግቶ ውስጡ አይታይም። ሲሠራ ከፍቶ ማየት አይቻልም፤ ግፊት አለው፣ ሙቀት አለው፣ አንዳንዴም መርዝ አለው። የዳንክወርትስ መልስ ከውጭ ሆኖ መጠየቅ ነው። በሚገባው ፈሳሽ ላይ ድንገት አንድ ለውጥ አድርግ፤ በጽሑፋቸው ውስጥ የሰጡት ምሳሌ ከነጭ ወደ ቀይ የተለወጠ ፈሳሽ ነው፤ ከዚያ ቀዩ ስንት ሆኖ መቼ እንደሚወጣ ሰዓት ይዘህ ለካ። የዚያ መስመር ቅርጽ ውስጥ ያለውን ይነግርሃል። የተኛ ውሃ ካለ ይታያል፤ አቋራጭም ካለ ይታያል። ሐሳቡ ፈጽሞ ከምንም አልተነሣም፤ በ1935 ስለ ተደራራቢ የማማሰያ ገንዳዎች ተመሳሳይ ነገር የጻፉ ነበሩ። ዳንክወርትስ ግን ለማንኛውም ዕቃ፣ ለማንኛውም ፍሰት እንዲሆን አድርገው አስፍተው፣ ስም ሰጥተው፣ መለኪያ አበጅተው አስቀመጡት።

ይህ ነገር የት ይጠቅማል ለሚል፣ ከቧንቧ የምንጠጣውን ውሃ አስቡ። ክሎሪን የጨመሩበት ውሃ ወደ ቤት ከመሄዱ በፊት ክሎሪኑ ተሕዋሲያኑን እስኪገድል ድረስ በገንዳ ውስጥ መቆየት አለበት። ገንዳው እንደ እኛ ጀሪካን የሚማሰል ቢሆን፣ አማካዩ 20 ደቂቃ ሆኖ ሳለ 10 ከመቶው ውሃ በ2 ደቂቃ ገደማ ያመልጣል። በዚያ 10 ከመቶ ውስጥ ያለው ተሕዋሲ የአማካዩ ነገር አይገደውም። ለዚህ ነው የውሃ ማጣሪያ ገንዳዎች ውስጥ ውሃው እየተጠማዘዘ በሰልፍ እንዲሄድ ግድግዳ የሚሠራው፤ ለዚህም ነው በአሜሪካ የውሃ ደህንነት ደንብ የሚቆጥረው አማካዩን ሳይሆን የመጀመሪያው 10 ከመቶ የሚወጣበትን ጊዜ የሆነው። ከዚያ 13 ገጽ ጽሑፍ እስከ አንድ ሕፃን የውሃ ብርጭቆ ያለው ርቀት ይህን ያህል ቅርብ ነው።

ፈንጂው ንድፈ ሐሳቡን ወለደው ማለት ታሪክ ማሳመር ይሆናል፤ እኔም አልለውም። ነገር ግን የሰውየውን ጠባይ በሁለቱም ቦታ አየዋለሁ። የተዘጋ ብረት ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ውስጡን ሳያዩ፣ ከውጭ በሚሰማውና በሚለካው ብቻ ውሳኔ መስጠት ያውቁ ነበር። ሁሉ ያመነበትን የቀጭን ሽፋን ስዕል ገጹን ራሱን እያሰቡ ጠየቁት፤ ሁሉ የረካበትን አማካይም ጠብታዋን እያሰቡ አልተቀበሉትም።

ከዚህ በኋላ ያለው የሥራ ዘመናቸው ረጅም ነው፤ ባጭሩ አልፈዋለሁ። በ1954 ካምብሪጅን ለቀው በክሪስቶፈር ሂንተን በሚመራው የእንግሊዝ አቶሚክ ኃይል ባለሥልጣን የኢንዱስትሪ ክፍል ውስጥ ሠሩ። በ1956 በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆኑ። ፕሮፌሰር ፎክስ ከያዙት ወንበር ሲለቁ፣ በ1959፣ ወደ ካምብሪጅ ተመልሰው የክፍሉ መሪ ሆኑና እስከ 1977 ቆዩ። የኬሚካል መሐንዲሶችን ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መሩ፤ በ1969 የንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነው ተመረጡ። ለብዙ ዓመታትም «ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ሳይንስ»ን በዋና አዘጋጅነት መሩ። የመጽሔት አዘጋጅነት ምስጋና የሌለው ሥራ ነው። የሌላውን ሰው ስሕተት እያነበቡ ማረም፣ የሌላውን ሰው ሐሳብ ከራስ ሐሳብ ማስቀደም ነው።

ከሁሉ ይልቅ ስለ አንድ ተማሪያቸው መናገር እፈልጋለሁ፤ ለእኛ አገር ተማሪ ብዙ ይናገራልና። ማን ሞሃን ሻርማ የተባለ ሕንዳዊ ወጣት ካምብሪጅ መጥቶ በዳንክወርትስ ሥር ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአልካሊና በአሚን (ናይትሮጅን ባለበት የኬሚካል ዓይነት) ፈሳሾች ውስጥ እንዴት እንደሚሟሟ አጠና። በ1964 ዶክትሬቱን ሲጨርስ እዚያው መቅረት ይችል ነበር። እሱ ግን ወደ ቦምቤ ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ በ27 ዓመቱ ፕሮፌሰር ሆነ፤ እዚያው የራሱን ትውልድ አስተማረ። በ1990 የንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ለመሆን የበቃ የመጀመሪያው ሕንዳዊ መሐንዲስ ሆነ። መምህሩና ተማሪው በ1966 አብረው ያሳተሙት ጽሑፍ ዛሬም ይነበባል። ጥሩ መምህር የሚሰጠው ዕውቀት ከሄዱበት አገር ይዘውት የሚመለሱት ዓይነት ነው፤ የሻርማ ታሪክ ይህን ያሳየኛል።

ዳንክወርትስ በ1970 የጋዝና የፈሳሽ ኬሚካዊ ለውጦችን የሚመለከት መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ርዕሰ ጉዳዩ ከሕይወታችን የራቀ ይመስላል እንጂ አይደለም። ገበሬያችን ማሳው ላይ የሚበትነውን ነጭ ዩሪያ እንውሰድ። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ለአሞኒያው የሚያስፈልገው ሃይድሮጅን ከተፈጥሮ ጋዝ ሲወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብሮ ይወጣል፤ ይህ ካልተለየ አሞኒያ ማምረቻው ይበላሻል። የሚለየውም በረጅም ማማ ውስጥ ጋዙን ከታች፣ ፈሳሹን ከላይ እየላኩ፣ ፈሳሹ ጋዙን እንዲጠጣ በማድረግ ነው። የማማው ቁመት ስንት ይሁን? ፈሳሹ ምን ይሁን? በምን ፍጥነት ይጠጣል? ዳንክወርትስና ተማሪዎቻቸው ይህን ሲለኩ ነው ዘመናቸውን ያሳለፉት።

ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በ1979፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኤታኖል አሚን ጋር ስለሚያደርገው ለውጥ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። አሚኑ ጋዙን ሲይዘው መጀመሪያ በአንድ በኩል ፖዘቲቭ፣ በሌላ በኩል ኔጋቲቭ ሙል ያለው ጊዜያዊ ሞለኪውል ይፈጠራል፤ ከዚያ ሌላ ሞለኪውል ፕሮቶኑን ይወስድበታል። ይህን መንገድ ካፕሎ የተባለ ባዮኬሚስት በ1968 ለሌላ ጉዳይ አቅርቦት ነበር፤ ዳንክወርትስ ወደ ምህንድስናው አመጡት። በዚያን ጊዜ ነገሩ የማዳበሪያና የተፈጥሮ ጋዝ ፋብሪካዎች ጉዳይ ብቻ ነበር። በ2014 በካናዳ ሳስካችዋን ግዛት ባውንደሪ ዳም በተባለው የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ላይ ከጭስ ማውጫ የሚወጣን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሚን ፈሳሽ የሚይዝ ተቋም ሥራ ጀመረ። የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታት እንዲህ ያለ ማማ የሚነድፍ መሐንዲስ ሁሉ ስሌቱን ሲጀምር የ1979ኙን መንገድ ያገኘዋል። ጽሑፉን የጻፉት ሰው ግን ይህን አላዩም። ኦክቶበር 25 ቀን 1984 በ68 ዓመታቸው አረፉ። ከሞታቸው በኋላ በስማቸው የሚሰጥ ዓመታዊ ንግግር ተቋቋመ።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። ቀዩን ካፈሰስኩ 40 ደቂቃ ሆነ። ብርጭቆዎቹን ከግራ ጀምራችሁ እዩአቸው። የመጀመሪያው እንደ ደም ነው። አራተኛው፣ በ20ኛው ደቂቃ የተቀዳው፣ ሮዝ ሆኗል፤ ከመጀመሪያው ቀለም 37 ከመቶ ያህሉን ይዟል። የመጨረሻው ውሃ ይመስላል። እስቲ ከኋላው ይህን ነጭ ወረቀት ላድርግለት። አሁን ታያላችሁ፤ ቀላ ያለ ነገር አለው። 13 ከመቶ ተኩል ያህሉ ቀለም አሁንም ጀሪካኑ ውስጥ ነው፤ 40 ሊትር ንጹሕ ውሃ አልፎበትም አልወጣም። ተማሪያችን ክንዷ እስኪደክም አማስላዋለች፤ አሁን ማማሰያውን አስቀምጪው ልጄ፣ አመሰግናለሁ። እናንተ ተማሪዎች ወደዚህ ቅረቡና፣ ካሁን በኋላ ሳይማሰል ሲቀር ቀለሙ የትኛው ጥግ ላይ እንደሚተኛ በየብርጭቆው እየቀዳችሁ መዝግቡልኝ፤ ጥያቄዎቻችሁንም እዚሁ ጀሪካኑ አጠገብ ሆኜ እቀበላለሁ።